የእናት አጥንት፣ የልጅ አጥንት፦ ከማረጥ በኋላ አጥንትን በቤት ውስጥ የማጠንከር አሠራር

«እናቴም ጎብጣ ነው የሞተችው፤ ዘራችን ነው።» ወገባቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው የሚነሡ እናቶች ይህን ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩ ሌላው ግማሽ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

መንትዮችን በማነጻጸር የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰውና ሰው በአጥንት ጥግግት (አጥንቱ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ) ከሚለያዩበት ውስጥ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር የመጣ ነው። አጥንት መሳሳትና አጥንት መሰበር ግን አንድ አይደሉም። በስዊድን መንትዮች ላይ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የዳሌ ስብራትን በዕድሜ ለይቶ አየው። ከ69 ዓመት በፊት በሚደርሰው ስብራት የዘር ድርሻ 68 በመቶ፣ ከ69 እስከ 79 ባለው 47 በመቶ፣ ከ79 በኋላ 3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሥራው እንደ ዕድሜው ይለያያል። በ55 ዓመት ዋናው ጥያቄ «እናቴ ምን ሆና ነበር?» ነው፤ በ80 ዓመት ደግሞ «ሽንት ቤት የምሄድበት መንገድ ያንሸራትታል ወይ?» ይሆናል።

ይህ አሠራር ጂም ለማይደርስ ሰው የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው ወንበር፣ ግድግዳ፣ ጀሪካንና በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። የሚያነጋግረው ማረጥ ያለፋቸውን እናት ነው፤ ስልኩን የያዘችው ልጅ ከሆነች ጮክ ብላ ታንብብላቸው። ለእሷም የሚሆን አለበት።

ደረጃ 1፦ የቤተሰቡን ታሪክ ማውጣት

የዘር ምርመራ ለመግዛት አይቸኩሉ። በአጥንት ጥግግት ላይ እጃቸው ያለበት የዘረ መል ቦታዎች ከ500 በላይ ተቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚያዋጡት ኢምንት ነው። ለእርስዎ የሚሠራው የዘር ምርመራ ቡና ላይ ታላላቆችን መጠየቅ ነው።

አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። «አያቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር?» ቢሉ መልሱ «ኧረ የለም» ነው፤ ያኔ ራጅ ያነሣት የለማ። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ወድቃ ከዚያ ወዲህ አልጋ የያዘች አለች? ከወደቀች በኋላ አንድ እግሯ አጠረ? የእግሯ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው ነበር? በእጇ ተደግፋ ስትወድቅ አንጓዋ ተሰብሮ ወጌሻ ያሰራት አለች? በስተርጅና የጎበጠች፣ ቁመቷ የቀነሰ? ወድቃ እግሯ ያጠረና መራመድ ያቆመች አያት፣ ማንም ስም ባይሰጠውም፣ ዳሌዋ ተሰብሯል ብሎ መያዝ ይሻላል። የአባት ወገንም ይቆጠራል፤ አባት ዳሌው ተሰብሮ ከነበረ ለሴት ልጁም ምልክት ነው። ዕድሜው የማይታወቅ ከሆነ በዘመን ይቁጠሩ፦ በ1966ቱ አብዮት ልጅ አዝላ ነበር ወይስ ገና ኮረዳ?

ይህን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት የሞላቸውን 9,516 ነጭ ሴቶች ተከታትሎ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እናታቸው ዳሌዋ ተሰብሮ የነበረ ሴቶች ራሳቸው የመሰበር ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል።

ከዚያ የራስዎን በወረቀት ይጻፉ። ማረጥ የመጣው ከ45 ዓመት በፊት ነው? ከ50 ዓመት በኋላ ከቁመትዎ ብቻ ወድቀው የተሰበረ አጥንት አለ? ለአስምም ሆነ ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት 3 ወርና ከዚያ በላይ ወስደዋል? ክብደትዎ ከ51 ኪሎ በታች ነው? ከማረጥ በኋላ ባሉት 5 እስከ 7 ዓመታት አጥንት በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ፍጥነቱ ይረግባል። ሥራው የሚያዋጣው በዚያ ፈጣን ጊዜ ሲጀመር ነው።

ደረጃ 2፦ በግድግዳ መፈተን

ይህን ሳያደርጉ ወደ እንቅስቃሴ አይለፉ። የአከርካሪ አጥንት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ድምፅ ሳያሰማ ነው፤ እንደ ተራ የወገብ ሕመም ይታለፋል።

ጫማ አውልቀው ተረከዝዎን፣ መቀመጫዎንና ትከሻዎን ከግድግዳ ያስጠጉ። ፊትዎ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይይ፤ አገጭዎን አያንሡ። የጭንቅላትዎ ጀርባ ግድግዳውን ይነካል? ካልነካ የላይኛው ጀርባ ጎብጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና፦ ልጅዎ ከኋላ ቆማ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌው ጫፍ መካከል በጎን በኩል ጣቶቿን ታስገባ። የሚገባው ሁለት ጣት ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ወገብ ላይ ያለው አከርካሪ ሳይጠቃ አልቀረም። ሦስተኛው መለኪያ ሣጥን ውስጥ ነው፦ ድሮ ልክዎ የነበረ ቀሚስ ዛሬ መሬት ይጠርጋል? ቁመት ከወጣትነት ወዲህ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከቀነሰ የአከርካሪ ስብራት ይጠረጠራል።

ከሦስቱ አንዱ ከታየብዎ፣ ወይም አከርካሪዎ ላይ በጣት የሚጠቆም ሕመም ካለ፣ የአከርካሪ ራጅ እስኪነሡ ድረስ በደረጃ 4 የሚመጣውን «ተረከዝ መጣል» የተባለውን ሥራ ይዝለሉት። ራጅ የተሰበረን ያሳያል እንጂ መሳሳትን በጊዜ አያሳይም፤ አጥንቱ ወደ ሲሶ ገደማ ካልጠፋ ዐይን አይለየውም። መሳሳትን የሚለካው ዴክሳ የተባለው መሣሪያ ነው። ቲ ስኮር የተባለው ቁጥር ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያም ዝቅ ካለ የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ ከዜሮ በታች ከ1 እስከ 2.5 ያለው ጅማሮው ነው።

ቀጥሎ ጉልበትዎን ይፈትኑ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ከወንበር 5 ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ፤ ልጅዎ በስልኳ ሰዓት ትያዝ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ። በአንድ እግር 5 ሰከንድ መቆም ካቃተዎትም እንዲሁ። ሁለቱንም ቁጥሮች ይጻፉ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ይፈለጋሉ።

ደረጃ 3፦ ቦታና ዕቃ

የጅማ በርጩማ ያማረ ነው፤ ለቡና እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲነሡ ጀርባ ይጎብጣል፤ ሦስት እግር ስላለው ደግሞ ክብደት በሁለቱ እግሮች መካከል ሲያመዝን ይገለበጣል። ባለ አራት እግር፣ መቀመጫው ከ43 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ወንበር ፈልገው ጀርባውን ከግድግዳ ያስደግፉት። ወለሉ የተጠረገና ደረቅ ይሁን። ቡና ተፈልቶ ቄጠማ የተጎዘጎዘ ከሆነ ይነሣ፤ እርጥብ ቄጠማ በሊሾ ወይም በሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ነው። በካልሲም በነጠላ ጫማም አይሥሩ፤ ሶሉ ጎማ የሆነ ሽፍን ጫማ ያድርጉ።

ለክብደት የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል። ግማሽ ሊትሩ በውኃ ግማሽ ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ ወደ 800 ግራም ነው። ሁለት ሊትሩ አሸዋ ሲሞላ 3 ኪሎ ያልፋል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በውኃ 5 ኪሎ ይሆናል፤ የውኃው መጠን ቀስ በቀስ ስለሚጨመር ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ እንቅስቃሴዎቹ

መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ፤ ያለዚያ ሰው ቀላሉን እየመረጠ ይለግማል። አጥንት ውስጥ የተቀበሩ ሕዋሳት ስክለሮስቲን የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ሥራው አዲስ አጥንት እንዳይገነባ ፍሬን መያዝ ነው። አጥንቱ ጫና ሲሰማው ፍሬኑ ይላላል፤ ሰው አልጋ ሲይዝ ይጠብቃል። ፕሮቲኑን የሚያዘው ዘረ መል በአሕጽሮት «ሶስት» ይባላል፤ ከአማርኛው ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ መግጠሙ ግን ደስ ይላል። ይህ ዘረ መል የማይሠራላቸው፣ በተለይ በደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች ዘንድ የሚገኙ ጥቂት ቤተሰቦች፣ አጥንታቸው ከልክ በላይ ወፍራም ነው። እንግዲህ እርስዎ ዘርዎን መቀየር ባይችሉም ያው ዘር የያዘውን ፍሬን በጫና ማላላት ይችላሉ።

ጫናው የተወሰነ ጠባይ ሊኖረው ይገባል፦ ጠንከር ያለ፣ ፈጠን ያለ፣ አጭር፣ ያልተለመደ። አጥንት ቶሎ ይሰለቻል። በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት በቀን 5 ዝላይ ብቻ አጥንትን አወፍሯል፤ ዝላዩን ወደ 40 ማብዛቱ የጨመረው ትርፍ ጥቂት ነበር። ለዚህ ነው በየቀኑ ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ ደርሶ መመለስ ለልብና ለስኳር እጅግ ጥሩ ሆኖ ለአጥንት ብዙ የማይፈይደው፤ አጥንቱ ያን እርምጃ ለምዶታል። ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገት ትንሽ ይሻላል። ቢሆንም ቀጥሎ ያሉትን አይተካም።

ሀ. ከወንበር መነሣት። ወደ መቀመጫው ጫፍ ይጠጉ፤ እግርዎ በዳሌ ስፋት፣ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ። ደረትዎን ሳያጎብጡ ወደ ፊት አዘንብለው በተረከዝዎ ገፍተው ይነሡ። ሲነሡ ፈጠን፣ ሲቀመጡ በ3 ቆጠራ ቀስ። ጉልበቶችዎ ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ እግርዎን ሰፋ ያድርጉ። 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ በዙር መካከል 2 ደቂቃ እረፍት። ሲቀልዎት ጀሪካኑን ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

ለ. ከዳሌ መታጠፍ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ አንድ ብቻ ለመማር ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይማር። የመወልወያ እንጨት በጀርባዎ ላይ ቁልቁል ይያዙ፤ የጭንቅላትን ጀርባ፣ የትከሻ መሐልንና የጭራ አጥንትን፣ ሦስቱንም ይንካ። ጉልበትዎን ትንሽ ሰበር አድርገው፣ በር በመቀመጫዎ የሚዘጉ ይመስል መቀመጫዎን ወደ ኋላ ይግፉ። እንጨቱ ከሦስቱ ከአንዱ የለቀቀበት ቅጽበት አከርካሪዎ የጎበጠበት ነው፤ እዚያ ላይ ቆመው ይመለሱ። ያለ ክብደት ሁለት ሳምንት ይለማመዱት። ከዚያ ጀሪካኑን በርጩማ ላይ አስቀምጠው (በርጩማው ለዚህስ ይሆናል) ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሡት። 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

የመጎበጥን ነገር የምናጠብቀው በከንቱ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ሲናኪና ሚከልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አከርካሪያቸው የሳሳ 59 ሴቶችን ሲያጠኑ፣ ወደ ፊት የሚያጎብጥ እንቅስቃሴ ከሠሩት ውስጥ 89 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ስብራት ደረሰባቸው፤ ጀርባን የሚያቀና ከሠሩት 16 በመቶው ብቻ። ምንም ያልሠሩት እንኳ 67 በመቶ ነበሩ። የተሳሳተ ስፖርት ከመቀመጥ ይከፋል። ስለዚህ ጀርባ ላይ ተኝቶ ደረትን ወደ ጉልበት ማምጣት፣ ቆሞ የእግር ጣት መንካት፣ ቁጭ ብሎ ወገብን እየጠመዘዙ መታጠፍ ይቅር።

የቤት ሥራም እዚሁ ይገባል። አጭሩ የእጅ መጥረጊያ በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሚያጎብጥ መሣሪያ ነው፤ ረጅም እንጨት ይታሰርለት። ሊጥ የሚቦካበትን ዕቃ ከመሬት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። የሊጡን ባልዲ ሲያነሡ ልክ እንደ ጀሪካኑ ከዳሌ ይታጠፉ። አከርካሪያቸው ተሰብሮ ለሚያውቁ ስግደቱም ይታሰብበት። ክርስቲያኗ የንስሐ አባታቸውን አማክረው ከዳሌ ዝቅ በማለት ቢያደርጉት፣ ሙስሊሟ ደግሞ ለሕመምተኛ በተፈቀደው መሠረት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢሰግዱ አጥንታቸው ይተርፋል።

ሐ. ተረከዝ መጣል። የወንበር ጀርባ ወይም መስኮት ይያዙ። በጣቶችዎ ጫፍ ይቁሙ፤ ከዚያ ተረከዝዎን ድንገት ለቀው ወለሉን «ዱብ» ያድርጉት። ጉልበት ደርቆ አይቆለፍ፣ ብዙም አይታጠፍ። ድንጋጤው እስከ ዳሌዎ ካልተሰማዎ ቀስ ብለው ነው የወረዱት። በ10 ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 እየጨመሩ 40 ላይ ይቁሙ። ይህን በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን መሥራት ይቻላል። ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች በዚህ ስለሚያፍሩ ዝም ብለው ሥራውን ይተዉታል፤ አስቀድሞ ፊኛን ባዶ አድርጎ ሽንት የሚይዘውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ሰብሰብ አድርጎ መሥራት ብዙዎችን ይረዳል።

መ. ጀርባን ማቅናት። አልጋ ላይ በሆድዎ ተኝተው ከሆድዎ በታች ትራስ ያድርጉ፤ እጅ በጎን። ግንባርዎንና ደረትዎን ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አንሥተው 5 ሰከንድ ይቆዩ። 10 ጊዜ። በሆድ መተኛት ለማይችሉ ከግድግዳ ተጠግተው ጭንቅላትና ክርናቸውን ወደ ግድግዳው መግፋት ይበቃል።

ሠ. ጭነት ይዞ መሄድ። በሁለቱም እጅ እኩል ጀሪካን ይዘው፣ ቀጥ ብለው 20 እርምጃ ሄደው ይመለሱ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በጀርባ አዝሎ ጎንበስ ብሎ መሄድ ከዚህ ጋር አይምታታ፤ ያኛው አከርካሪን የሚሰብረው ነው።

ረ. በአንድ እግር መቆም። ግድግዳ አጠገብ፣ በየእግሩ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ ከሰል ምድጃው ግን ከአጠገብዎ ይራቅ። የሰውነት ሚዛንን የሚፈትኑ እንቅስቃሴዎች መውደቅን ሩብ ለሚጠጋ ይቀንሳሉ። ለ80 ዓመት እናት ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው ይኸው ነው።

ሳምንቱን እንዲህ ያዋቅሩት፦ ሰኞና ሐሙስ ከሀ እስከ ረ ሁሉንም፤ በሌሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ሐ እና ረ ብቻ። ከእንቅልፍ እንደተነሡ አይሥሩ፤ ጠዋት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውኃ ያቆሩ ስለሆኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። በጾም ወቅት ከተፈታ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ይሥሩ። በባዶ ሆድ፣ በተለይ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ሆኖ፣ ዐይን ሊያዞር ይችላል።

ክብደቱ ልክ መሆኑን የሚያውቁት በስምንተኛው ነው፦ «ሁለት ልጨምር እችላለሁ፣ ሦስተኛው ግን ይከብደኛል» ካሉ ልክ ነው። አሥር መጨመር ከቻሉ አጥንቱ አልሰማም፤ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት አቋም ለመማር ናቸው። ከ5ኛው ጀምሮ ክብደት ይጨምራል፤ ከ9ኛው በኋላ ድግግሞሹ ወደ 5 ወርዶ ክብደቱ ይበረታል። አውስትራሊያ ውስጥ አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች በሳምንት ሁለት ግማሽ ሰዓት ለ8 ወር ከባድ ክብደት እያነሡ የወገብ አከርካሪያቸው ጥግግት በ2.9 በመቶ ሲጨምር፣ በቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት በ1.2 በመቶ ቀንሷል። እነዚያ ሴቶች አጠገባቸው ባለሙያ ነበር፤ ክብደቱን ሳይሆን አቅጣጫውን ይውሰዱ።

ደረጃ 5፦ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ትንፋሽ መያዝ የመጀመሪያው ነው፤ ግፊት ያንራል። ሲያነሡ «ኡፍ» ብለው ያውጡ።

የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ለሁለት ቀን ቢያም ደግ ነው። አከርካሪ ላይ በአንድ ነጥብ የሚወጋ፣ ሲያስሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል አዲስ ሕመም ግን የስብራት ጠባይ ነው፤ ያቁሙና ይታዩ።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ማቋረጥ ነው። አንድ የአጥንት እድሳት ዙር ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ በዴክሳ የሚታይ ለውጥ ከዓመት በፊት አይጠበቅም። ሰው ግን በሁለተኛው ወር «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይተዋል። የተጻፉት የወንበርና የአንድ እግር ቁጥሮች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ በ12 ሳምንት ውስጥ የሚሻሻሉት እነሱ ናቸው። የተገኘው አጥንትም ሥራው ሲቆም ተመልሶ ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ምግብ፣ ፀሐይ፣ ኪኒን

ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ይሰጣል። አይብ ግን ያታልላል፤ አሬራው ሞቆ አይቡ ሲለይ አብዛኛው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ለአጥንት አሬራው ይሻላል። በጾም ቀን ጎመንና ቆስጣ እኩል አይደሉም። የቆስጣውን ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚይዘው አንጀት አይወስደውም፤ የሐበሻ ጎመን ግን ይወሰዳል። በደንብ የቦካ ሊጥ ካልሲየም የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ ቶሎ ከተጋገረ አፍለኛ እንጀራ በሚገባ የቦካው ይሻላል። ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ አይቅሩ፤ ያለ ፕሮቲን ጡንቻ አይሠራም። ለ55 ኪሎ እናት በቀን ከ55 እስከ 65 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል።

ጅማ ላይ ቡና ይቅር ብሎ የሚጽፍ ሰው አይነበብም፤ አያስፈልግምም። ቡና የሚያስወጣው ካልሲየም በጥቂት ማንኪያ ወተት ይተካል። ጨው ግን በሽንት ካልሲየም ያስወጣል፤ ቡናን በጨው የለመዱ እናቶች ጨዉን ቢቀንሱ ይጠቀማሉ።

የፀሐይ ነገር፦ ፊትና እስከ ክርን የተገለጠ ክንድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት። የሚሸፈኑ እናቶች አጥር ውስጥ እጅጌ ጠቅልለው ሊሞቁ ይችላሉ። የክረምት ደመና ሲበረታ ወይም ከቤት የማይወጡ ከሆነ ስለ ቫይታሚን ዲ ኪኒን ሐኪም ይጠይቁ፤ ከ70 ዓመት በላይ በቀን 800 ዩኒት የተለመደው መጠን ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል፤ ከታይሮይድ ኪኒን ጋር 4 ሰዓት ይራራቅ።

ደረጃ 7፦ መንገዱን ማስተካከል

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ሽንት ቤቱ ጓሮ የሆነበት ቤት ጭቃው ዋና ጠላት ነው። ከበር እስከ ሽንት ቤት ጠጠር ይደፋ፤ በአንድ ጎን ከመሬት 85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቀርከሃ ወይም ቱቦ በእንጨት ላይ ተመትቶ መደገፊያ ይሁን። ሽንት ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሌላ መያዣ። ሌሊት ለሚነሡ ባትሪው ትራስ ሥር ይደር፤ ከዚያም የሚሻለው አልጋ ሥር ፖፖ ነው፣ ማፈር አያስፈልግም። ከመነሣትዎ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ። ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቆረጥ። ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ ሁለቱም እግር መሬት ሳይረግጥ መያዣውን አይልቀቁ። ዐይን በሞራ የደበዘዘ ከሆነ ይታይ።

ደረጃ 8፦ ከወደቁ

ወድቀው መነሣት ካቃተዎት፣ አንዱ እግር አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ ከዞሩ ዳሌ ተሰብሯል። አይታሽ፣ አይጎተት፣ ወጌሻ አይጠራ። አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አግዶ እግር ያሳጣል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ በማሰር ጨርሶ አይያዝም። በሁለቱ እግሮች መካከል ትራስ አድርገው፣ በጋቢ ወይም በነጠላ ላላ አድርገው አንድ ላይ ያስሯቸው። በሰፊ ሳንቃ ወይም በተነቀለ በር ላይ አስተኝተው፣ ባጃጅ ላይ ሳያስቀምጡ፣ በሚያስተኛ መኪና ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ውጤቱ ይሻላል። እስኪታዩ ድረስ ምግብ አይስጡ።

አጥንቱ ከተያዘ በኋላ «ይህን የሰበረውን መሳሳትስ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የተሰበረው ይጠገንና ምክንያቱ ይረሳል። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሆነው አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም ከታዘዘ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይወሰዳል፤ በቡና ወይም በወተት ከተወሰደ አይሠራም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አይተኙ፣ አይብሉ፤ ጉሮሮን ያቆስላል።

ልጅቱም በደረጃ 1 በተጀመረው ወረቀት ላይ ይህን ትጻፍ፦ እናቴ፣ የትኛው አጥንት፣ በስንት ዓመቷ፣ እንዴት ወድቃ።